ለዛሬ ጨዋታ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤዝቦል የሚከታተል ሐበሻ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አርሰናል ነው፣ ማንቸስተር ነው፣ ሊቨርፑል ነው። ቤዝቦል ደግሞ አንድ ጓደኛዬ እንዳለው "ፈረንጆች ቆመው ሱፍ የሚፈለፍሉበት ጨዋታ" ነው። ሱፉን በተመለከተ ልክ ነው። እውነትም ይፈለፍላሉ።

የኔ ነገር ከዚህም ይብሳል። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን ትልቁን ሊግ ትቼ ማንም የማያውቀውን ነው የምከታተለው። ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋልዶርፍ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ከ2008 ጀምሮ ሰዘርን ሜሪላንድ ብሉ ክራብስ የሚባል ክለብ ይጫወታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።) ሜሪላንድ ውስጥ ሰማያዊው ሸርጣን ምግብም ነው፣ ኩራትም ነው፤ የክለቡ ስም ከዚያ የመጣ ነው። የሚወዳደረው አትላንቲክ ሊግ ውስጥ ነው። ተጫዋቾቹ በደሞዝ የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ትልቁ ሊግ ድረስ ደርሰው የተመለሱ ናቸው። ሊጉ ግን በባለቤትነት የትልቁ ሊግ አይደለም። ክለቦቹም የማንም ትልቅ ክለብ ቅርንጫፍ አይደሉም።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ከእግር ኳስ ልነሳ። ሬክሰም የሚባለውን የዌልስ ክለብ ታውቁታላችሁ። ከአምስተኛው ዲቪዚዮን ተነስቶ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ወጣ። ሉተን ከታች ተነስቶ በ2023 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። እንግሊዝ ውስጥ ትንሽ ክለብ ካሸነፈ ይወጣል። ትልቅ ክለብ ከተሸነፈ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ትልቁ ሊግ 30 ክለቦች አሉት፣ በሩ ዝግ ነው። ብሉ ክራብስ ለአሥር ዓመት ያለ ሽንፈት ቢጫወት ዋልዶርፍ ላይ ነው የሚቀረው። መውጣት የሚችለው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ በአንድ።

ከትልቁ ሊግ በታች ብዙ ቤዝቦል አለ። እያንዳንዱ ትልቅ ክለብ አራት አራት ቅርንጫፍ ክለቦች አሉት። በጠቅላላው 120 ናቸው። ተጫዋቹን የሚቀጥረው፣ ደሞዙን የሚከፍለው፣ የት ከተማ እንደሚጫወት የሚወስነው ከላይ ያለው ክለብ ነው። እነዚህ ክለቦች ተጫዋች ማሳደጊያ ናቸው። አሰልጣኙ ዋና ሥራው የዛሬውን ጨዋታ ማሸነፍ አይደለም። ወርዋሪው፣ ማለትም ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች፣ ጥሩ እየወረወረ ሳለ፣ ከላይ የተቀመጠለት የውርወራ ቁጥር ስለሞላ ይወጣል። ደህና የሚመታው ልጅ በሻምፒዮናው መጨረሻ ሳምንት ወደ ላይ ይጠራል። ተመልካቹ ቲኬት ገዝቶ የሚያየው የሌላ ሰው የሥራ ልምምድ ነው። ይሄን የምለው ንቄ አይደለም። የነገውን ኮከብ ዛሬ ማየት ደስ ይላል። ግን ውጤቱ ላይ የማንም ልብ ሙሉ በሙሉ የለም።

ዋልዶርፍ ላይ አለ። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። አሰልጣኙን ከላይ የሚያዝዘው የለም። ቢሸነፍ ክለቡ ነው የሚሸነፈው። ተጫዋቹም ጥሩ ካልተጫወተ የሚያስታምመው የለም፤ ነገ ሌላ ሰው ሊመጣበት ይችላል። ውድድሩ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ ባለፉት ዓመታት እያንዳንዱ ክለብ 126 ጨዋታ ያደርጋል። ዓመቱ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያውን አጋማሽ ያሸነፈ ክለብ ለመጨረሻው ዙር ያልፋል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በሜይ የወደቀ ቡድን በጁላይ ነፍስ ይዘራል። ተንኮሉ ገበያ ለማቆየት ነው፣ አውቃለሁ። ይሠራል ግን።

ገንዘቡን ላንሳ። በትልቁ ሊግ በ2025 ዝቅተኛው ደሞዝ 760,000 ዶላር ነበር። በዓመት ማለቴ ነው። እዚህ ተጫዋቹ በወር የሚያገኘው በጥቂት ሺ ዶላር የሚቆጠር ነው፤ እሱም ውድድሩ ባለባቸው ወራት ብቻ። ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ስለማይችሉ የከተማው ቤተሰቦች አንድ ክፍል ሰጥተው ያኖሯቸዋል። ክረምት ሲገባ ልጆች ያሠለጥናሉ፣ ያገኙትን ይሠራሉ። ዕድሜያቸውም ልጅነት ያለፈበት ነው። ሠላሳ የሞላው፣ ሚስትና ልጅ ያለው ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ የገመተ ይመስለኛል። ዲግሪ ይዞ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን፣ አገር ቤት ኢንጂነር የነበረው የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ወዘተ። እኔም ታክሲ ነድቻለሁ፤ ንጽጽሩ ግን አይጥመኝም። እኛ ታክሲ የምንነዳው የተማርንበት ሥራ በሩን ስለዘጋብን ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ያንኑ ሥራቸውን ነው። ኳሱ ያው ኳስ ነው። ያነሰው ክፍያውና የተመልካቹ ቁጥር ነው። ለመተው ምክንያቱ ሁሉ አላቸው። አልተዉትም።

እርግጥ ተስፋው አለ፤ የለም ብል እዋሻለሁ። ሪች ሂል የሚባለውን ወርዋሪ ውሰዱ። በ2015 ዕድሜው 35 ነበር። በዚያ ዓመት በኛው በዋሽንግተን ናሽናልስ ቅርንጫፍ ውስጥ ቆይቶ ተለያዩ። አትላንቲክ ሊግ ሄዶ ለሎንግ አይላንድ ዳክስ ሁለት ጨዋታ ወረወረ። በ11 ኢኒንግ (ኢኒንግ ማለት የጨዋታው አንድ ዙር ነው) አንድም ነጥብ አላስቆጠሩበትም፤ 21 መቺ አስቶ አስወጣ። ወዲያው ቦስተን ሬድ ሶክስ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። 48 ሚሊዮን ዶላር። ከሁለት ጨዋታ ተነስቶ!

ይሄ ታሪክ የሊጉን ክለቦች ሁሉ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ያዳረሰ ይመስለኛል። የመጣው ሁሉ ሪች ሂል ነኝ ይላል። ግን ሌላውም ገጽ አለ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ሲገዛ ለክለቡ የሚደርሰው ክፍያ ትንሽ ነው፤ አሰልጣኙ በውድድሩ መሐል ምርጥ ወርዋሪውን ያጣል። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ይሸኘዋል፣ ከዚያ የነገውን ጨዋታ ማን እንደሚወረውር ያስባል።

ከሂል ይልቅ እኔ የማነሳው ዳሪል ቶምሰንን ነው። የተወለደው ላ ፕላታ ነው፤ ከዋልዶርፍ ስታዲየም በመኪና ቅርብ ነው። በጁን 2008 ለሲንሲናቲ ሬድስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው የት መሰላችሁ? ያንኪ ስታዲየም። አምስት ኢኒንግ ወርውሮ ያንኪዎች አንድ ነጥብ አላገኙበትም። ከዚያ በኋላ ትልቁ ሊግ ውስጥ ያገኘው ዕድል ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነበር። ትከሻ ነው፣ ዕድል ነው፣ ቁጥር ነው፤ ቤዝቦል ሰው የሚጥልበት ምክንያት አያጣም። ወደ አገሩ ተመለሰና ለብሉ ክራብስ ዓመት ከዓመት ወረወረ። በአትላንቲክ ሊግ ታሪክ እንደሱ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ፣ እንደሱ ብዙ መቺ ያስወጣ የለም። ሰው "ምነው ትልቁ ሊግ ሳይቆይ ቀረ" ይለዋል። እኔ ደግሞ ወላጆቹ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ ጎረቤቶቹ በየበጋው ሲያዩት የኖሩ ሰው ነው እላለሁ። ይሄን ያገኘ ሚሊየነር ስንት ነው?

አንድ ጊዜ አንድ ጋሼን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ቤት ዘግተው ከሚውሉ ብዬ። አንዱ መቺ ዱላውን ጥሎ ዝም ብሎ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም መቺው ሮጦ ወደሚደርስበት የመጀመሪያ ማዕዘን፣ ተራመደ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ሳይመታ የት ይሄዳል?"

"ጋሼ፣ አራት መጥፎ ውርወራ ስለወረወረበት ነው። በነፃ ያልፋል።"

"ታዲያ ምንም ሳያደርግ ቆሞ ነው ያለፈው?"

"አዎ።"

"ብልህ ነው" አሉና ወደ ፖፕኮርናቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሊጉ እንዴት ተፈጠረ ለሚል፣ የተፈጠረው በእምቢታ ነው። ፍራንክ ቦልተን የሚባል ባለሀብት ሎንግ አይላንድ ላይ ቅርንጫፍ ክለብ ማቋቋም ፈለገ። ኒውዮርክ ሜትስ ክልሌ ነው ብሎ ከለከለው። በቤዝቦል ሕግ ትልቅ ክለብ በአካባቢው ሌላ ክለብ እንዳይከፈት መከልከል ይችላል። ቦልተንም የራሱን ሊግ አቋቋመ። የመጀመሪያው ውድድር 1998 ላይ ተካሄደ። ዳክስ ሎንግ አይላንድ ላይ ጀመረ፤ ሜትስ ማድረግ የሚችለው አልነበረም። ከትልቁ ሊግ ሥርዓት ውጪ ለሆነ ክለብ የትልቁ ሊግ ክልል አይገደውም።

ትልቁ ሊግ እንዲህ የሚከለክልበትን ጉልበት ከየት እንዳገኘ ስፈልግ ነገሩ እዚሁ ሜሪላንድ መጣ። በ1914 እና በ1915 ፌደራል ሊግ የሚባል ሦስተኛ ትልቅ ሊግ ተቋቁሞ ነበር። ቺካጎ ውስጥ ያለው የሪግሊ ፊልድ ስታዲየም ለዚያ ሊግ ክለብ ነው የተሠራው። ሊጉ ሲዳከም ትልቆቹ ለአብዛኞቹ ባለቤቶች ገንዘብ ከፍለው፣ ለአንዳንዶቹ ክለብ ሸጠው ነገሩን ዘጉ። የባልቲሞር ክለብ ግን በተሰጠው አልተስማማም፤ ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1922 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የጻፉት ውሳኔ ቤዝቦል በግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም አለ። ስለዚህ ንግድን በሞኖፖል መያዝ የሚከለክለው ሕግ አይነካውም። ከከተማ ከተማ በባቡር እየሄዱ ቲኬት የሚሸጡ ሰዎች ነጋዴ አይደሉም ተባለ። አራዳነት ማለት ይሄ ነው! በ1998 ኮንግረስ የትልቁን ሊግ ተጫዋቾች የሥራ ጉዳይ ከዚህ አወጣ። የቀረው አብዛኛው እስከ ዛሬ አለ። ባልቲሞር ተሸነፈች። ከመቶ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ገለልተኛ ቤዝቦል የማየው በዚያ ፍርድ ጥላ ሥር ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ትልቁ ሊግ በ2019 ከአትላንቲክ ሊግ ጋር ተዋዋለ፦ አዳዲስ ሕጎቻችንን እናንተ ሞክሩልን። ለሊጉ ገንዘብም ስምም ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ 10፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዮርክ ከተማ፣ በኮከቦች ጨዋታ ላይ ዳኛው ኪሱ ውስጥ አይፎን፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ቆመ። ውርወራው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ራዳርና ኮምፒውተር ይወስናል። ለዳኛው በጆሮው ይነገረዋል፣ እሱ ይጮኻል። ዳኛው ድምፅ ማጉያ ሆነ ማለት ነው። በቀናት ውስጥ በኮምፒውተሩ ፍርድ ተናዶ የተባረረ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ፦ ፍራንክ ቫዮላ፣ የሃይ ፖይንት ክለብ የወርዋሪዎች አሰልጣኝ፣ በ1988 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የተሸለመ ሰው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ቤዝቦል ላይ ይቆጣሉ፤ ሰው ቢጠፋ ኮምፒውተር ላይ ይቆጣሉ።

ብሉ ክራብስም የታሪክ ድርሻ ደረሰው። አንዱ የሙከራ ሕግ፣ ከመቺው ጀርባ ያለው ኳስ ተቀባይ ያመለጠውን ማንኛውንም ውርወራ ተጠቅሞ መቺው ወደ መጀመሪያው ቤዝ እንዲሮጥ ይፈቅዳል። ጁላይ 13 የኛው ቶኒ ቶማስ ሮጠ። በዚህ ሕግ የመጀመሪያውን ቤዝ "የሰረቀ"፣ ማለትም ሳይመታ ሮጦ የያዘ፣ የመጀመሪያው ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። ሕጉ ትልቁ ሊግ አልገባም። ሌሎቹ ግን ገቡ። ቤዞቹን ማስፋት፣ የውስጥ ተከላካዮች በሙሉ ወደ አንድ ጎን እንዳይሰበሰቡ መከልከል፤ ሁለቱም በ2019 አትላንቲክ ሊግ ላይ ተሞክረው በ2023 ትልቁ ሊግ ላይ ጸደቁ። የኮምፒውተሩ ዳኝነት ደግሞ ተጫዋቹ ፍርዱን ሲቃወም ብቻ የሚጠራ ሆኖ፣ ለ2026 ውድድር በሴፕቴምበር 2025 ጸደቀ።

የማይዋጥልኝ አንዱ ሙከራ ነው። በኦገስት 2021 ወርዋሪው የሚቆምበትን ቦታ በአንድ ጫማ ወደ ኋላ ገፉት። ሠላሳ ሴንቲ ነው። ርቀቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያልተነካ ነው። አሁን አስቡት፤ ወርዋሪው እዚህ የመጣው ትልቁ ሊግ እንዲያየው ነው። ክንዱ፣ ትከሻው፣ የኳሱ አካሄድ በሙሉ ለዚያ ርቀት የተሠራ ነው። ትልቁ ሊግ ደግሞ በማይጠቀምበት ርቀት ያስወረውረዋል፣ ከዚያ ቁጥሩን አይቶ ይመዝነዋል። በራሱ ቅርንጫፎች ላይ መጀመር ይችል ነበር። አልጀመረም፤ እዚያ ያሉት ክንዶች የራሱ ንብረት ናቸው። የሰው ክንድ ላይ መሞከር ይቀላል። ሙከራው በዚያው ዓመት ቆመ። አትጠይቁኝ፣ ትልቁ ሊግ እስካሁን አልወሰደውም።

ሆኖም ሊጉ ሌላ ቦታ ያልተከፈተ በር ሲከፍት አይቻለሁ። በ2022 ኬልሲ ዊትሞር የተባለች ተጫዋች ለስታተን አይላንድ ክለብ በመጀመሪያ ተሰላፊነት ገባች፤ በሊጉ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከሷ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ1997፣ አይላ ቦርደርስ ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ ላይ ወርውራለች።

ሚኔሶታ ያላችሁ ወገኖች፣ ሴንት ፖል ሴይንትስን ሳላነሳ ባልፍ ትቆጡኛላችሁ። ክለቡ በ1993 የጀመረው ኖርዘርን ሊግ በሚባል ገለልተኛ ውድድር ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ ተዋናዩ ቢል መሪ ነበር። በድሮው ሚድዌይ ስታዲየም ጨዋታው እየሄደ የዕቃ ባቡር በአጥሩ ጀርባ ያልፋል። ለዳኛው ኳስ የምታደርሰው አሳማ ነበረች። ዳሪል ስትሮቤሪ ሁሉም ፊቱን ባዞረበት በ1996 እዚያ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ከያንኪ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ በ2021 የሚኔሶታ ትዊንስ ቅርንጫፍ ሆነ። ከአትላንቲክ ሊግም ሹገር ላንድና ሰመርሴት በዚያው ዓመት ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። ነገሩ የሬክሰምን ይመስላል፤ ወጡ ይባላል። በማሸነፍ ግን አልወጡም፤ ተመርጠው ነው። ስታዲየማቸው ጥሩ ስለሆነ፣ ከተማቸው ለትልቁ ክለብ ስለተመቸ። ደጋፊዎቻቸው ደስ ብሏቸው ይሆናል፤ አልፈርድም። እኔ ብሆን ግን ይከፋኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩ ተጫዋችህን ማን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚወስድ ሌላ ከተማ ላይ ነው የሚወሰነው።

ሌላው ደግሞ የተባረሩት ናቸው። ትልቁ ሊግ በዚያው ሰሞን ቅርንጫፎቹን ከ160 ወደ 120 ቀነሰ። ከአርባ በላይ ከተሞች ክለባቸውን አጡ። አዲስ ተጫዋቾች የሚመረጡበት ድራፍትም ከ40 ዙር ወደ 20 ወረደ። ያልተመረጠው ልጅ የት ይሂድ? ገለልተኞቹ ሊጎች ዘንድ። ትልቁ ሊግ ወጪውን ሲቀንስ የነሱን ጥራት ከፍ አደረገላቸው።

ሄገርስታውን ከተቆረጡት ከተሞች አንዷ ናት። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ ናት። ከተማዋ የቤዝቦል ታሪክ አላት፤ ሁሉም ግን የሚያኮራ አይደለም። ዊሊ ሜይስ ከነጮች ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን በ1950 ያደረገው እዚያ ነበር። ከተመልካቹ ስድብ ተወረወረበት፤ ከቡድኑም ተለይቶ ሌላ ሆቴል እንዲያድር ተደረገ። ክለባቸው ሰንስ በ2020 ሲሰረዝ ብዙ ሰው ቤዝቦል ከዚያች ከተማ ጠፋ ብሎ ነበር። በ2024 ግን ከተማው መሐል አዲስ ስታዲየም ተከፈተና የአትላንቲክ ሊግ ክለብ ገባበት። ፍላይንግ ቦክስካርስ ይባላል፤ ስሙ ድሮ ከተማው ውስጥ ይሠራ ከነበረው የጭነት አውሮፕላን የተወሰደ ነው። አሁን ሜሪላንድ ሁለት ገለልተኛ ክለቦች አሏት፣ እርስ በርሳቸውም ይጋጠማሉ።

እኔ ዞሮ ዞሮ የብሉ ክራብስ ነኝ። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ጀርመንታውን ላላችሁ ሄገርስታውን ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ 270ን ይዛችሁ ፍሬደሪክ ላይ 70 ትገባላችሁ። አሌክሳንድሪያና ኦክሰን ሂል ያላችሁ ደግሞ ዋልዶርፍ ይቀርባችኋል። ልጆች ካሏችሁ ዓርብ ማታ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ርችት አለ። ኤፕሪል ላይ ከሆነ ጃኬት ያዙ፤ ፀሐይ ስትገባ ይበርዳል። ሱፍ እዚያው ይሸጣል።